ለከተማችን ስፖርት ቢሮ፦ ልጆች ስኬቲንግ የሚማሩበት ቦታ ይሰጠን

ለተከበሩ የስፖርት ቢሮ ኃላፊ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ትንንሽ ልጆችን ሮለር ስኬት፣ ማለትም ጎማ ባለው ጫማ መንሸራተት፣ አሠለጥናለሁ። ወደ እርስዎ ያመጣሁት ጥያቄ አንድ ነው። መኪና የማይገባበት፣ ለጥ ያለ ወለል በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት ለልጆች ይፈቀድልን። ትምህርቱም መውደቅንና ፍጥነት ገትቶ መቆምን በማስተማር እንዲጀምር ቢሮው ሥርዓት ያብጅለት።

ብዙ ልጆች ስኬቲንግ የሚጀምሩት መንገድ ዳር ነው። ጫማው ይታሰርላቸዋል። አንድ ትልቅ ሰው ሁለት እጃቸውን ይዞ ይጎትታቸዋል፤ ትንሽ ሄድ ሲሉ ይለቃቸዋል። ልጁ ግን እስከዚያች ደቂቃ ክብደቱን የጣለው በያዘው ሰው ላይ ነው። የራሱን ሚዛን አያውቀውም። ሲለቀቅ ይደነግጣል፣ ድርቅ ይላል፣ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከአወዳደቅ ሁሉ የምፈራው ይህንን ነው፤ ወደ ኋላ የወደቀ ልጅ ጭንቅላቱን ሊመታ ይችላል።

በደንብ ሲሰጥ ትምህርቱ የሚጀምረው ያለ ጎማ ነው። ልጁ በተራ ጫማው ይቆማል። ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ እጆቹን ወደ ፊት ያወጣል፣ ዓይኑን ከእግሩ ላይ ያነሳል። ከዚያ መውደቅ ይለማመዳል። ዝቅ ይልና በአንድ ጉልበቱ ያርፋል፣ ሁለተኛውን ያስከትላል፣ በመጨረሻ መዳፉን ጣቶቹን ቀና አድርጎ ያሳርፋል። ለመነሳት አንድ እግሩን ተክሎ፣ ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተደግፎ ብድግ ይላል። ልጆች ይህን ሲወዱት ማየት ነበረብዎት! ተሰልፈው ሲወድቁና ሲነሱ ሳቃቸው አያልቅም። መውደቅን የለመደ ልጅ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ሰውነቱም ላላ ይላል።

ጫማው ከተደረገ በኋላም የመጀመሪያው ቦታ ሣር ወይም ምንጣፍ ነው። እዚያ ጎማው አይሮጥም። ልጁ ተረከዞቹን አቀራርቦ፣ ጣቶቹን ወደ ውጭ ከፍቶ እንደ ዳክዬ ይራመዳል። ያንኑ እርምጃ ለስላሳ ወለል ላይ ሲደግመው መንሸራተት ይጀምራል። የገፋው የለም፣ የጎተተው የለም። እኔን ከዚህ ሥራ ጋር ያቆራኘኝ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ነው።

ወዲያው ማቆም ይከተላል። ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት የልጆች ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዙ ላይ ፍሬን አለው። ባለ ሁለት ረድፉ ደግሞ ጣት በኩል የላስቲክ ማቆሚያ ይኖረዋል። በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ ለሚያዳግታቸው ትንንሾች ግን የሚቀለው እግሮቻቸውን ከፈት፣ ጣቶቻቸውን ወደ ውስጥ መለስ አድርገው ፍጥነት መቀነስ ነው። የማቆም ችግር የቆየ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ይኖር የነበረው ፈልሳፊ ጆን ጆሴፍ ሜርሊን ጎማ ባለው ጫማ ግብዣ ላይ ቫዮሊን እየተጫወተ ገብቶ፣ መቆምም መዞርም አቅቶት ከትልቅ መስታወት ጋር እንደተጋጨ ይተረካል። ሰውነትን በማዘንበል የሚዞረውን ባለ አራት ጎማ ጫማ አሜሪካዊው ጄምስ ፕሊምፕተን የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ1863 ነው።

መንገድ ዳር ለምን አይሆንም ቢሉ፣ የልጅ ጫማ ጎማ ትንሽ ስለሆነ አንዲት ጠጠር ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች። ልጁ ግን ወደ ፊት ይወረወራል። አሸዋ፣ ውኃ፣ የፍሳሽ መክደኛ፣ ሁሉም አደጋ ነው። በእግር ስንሄድ የማናስተውላት ቁልቁለት እንኳን ማቆም ያልቻለን ልጅ ይዛው ትነጉዳለች። መኪናውን ሳልጨምር ማለት ነው።

አዲስ ግንባታ አልጠየቅንም። ከቤት ውጭ ያለ የሲሚንቶ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበቃናል። ሥራ በሌለበት ቀን ባዶ የሚውል የመኪና ማቆሚያም፣ ተዘግቶና ተጠርጎ፣ ያገለግላል። የጂምናዚየም የእንጨት ወለል ይሰጠን አላልኩም፤ ጎማ ላይ የተጣበቀ ጠጠርና ፍሬን ሊጭሩት ስለሚችሉ የወለሉ ኃላፊዎች ቢሰጉ አይፈረድባቸውም።

የመከላከያ ዕቃውን ነገር አደራ እላለሁ። ወላጆች ሄልሜትና የጉልበት መከላከያ ያስታውሳሉ፤ የእጅ አንጓ መከላከያ ግን ይረሳል። ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት፣ አንጓ መከላከያ ያላደረጉ ስኬተሮች በአንጓቸው ላይ ጉዳት የመድረሱ ዕድል ካደረጉት 10 እጥፍ ገደማ ሆኖ እንደተገኘ ዘግቧል። ስለዚህ ቢሮው በተለያየ ልክ ጥቂት ሄልሜቶች፣ የአንጓ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያዎች ገዝቶ በውሰት ቢያቀርብ ዕቃው ለብዙ ልጆች ይዳረሳል። ያላደረገ ልጅ ወለሉ ላይ አይወጣም የሚል ደንብም ይለጠፍ። ጫማውን ወላጅ ያመጣል፤ ነገ ያድጋል ተብሎ ሰፊ እንዳይገዛ ግን እንነግራቸዋለን። ሰፊ ጫማ ውስጥ ቁርጭምጭሚት ይዋልላል።

ሰዓቱ ለትንንሾቹ ብቻ የተለየ ይሁን። ትልልቆቹ ዥው እያሉ በሚያልፉበት ወለል ላይ የ5 ዓመት ልጅ አይማርም፤ ጥግ ይዞ ይቆማል። ለዚህ ዕድሜ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድ አሠልጣኝም በዓይኑ ሊከታተላቸው ከሚችላቸው በላይ ልጆች አይሰጡት።

ወለሉን ከትምህርቱ በፊት መጥረግና ልጆቹን መመዝገብ እኔና ወላጆች እንችላለን። ከቢሮው የሚፈለገው ፈቃዱ፣ መኪና የሚያግድ ሰውና የውሰት ዕቃው ነው። ባለሙያ ልከው ቦታ የሚያስመርጡ ከሆነ አብሬ ዞሬ ወለሎቹን ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። ምላሽዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሕፃናት ስኬቲንግ አሠልጣኝ