እንሰት «ሐሰተኛ ሙዝ» አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ሙዝ ቤተሰብ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ አርባ ምንጭ ሙዝ የጻፋችሁት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በሦስተኛው ፎቶ ሥር ያለችው መስመር ናት፦ «ሐሰተኛ ሙዝ፤ ለምግብ የማይውል የሙዝ የዱር ዘመድ»። ፎቶው ላይ ያለው እንሰት ነው። ያውም የጓሮ እንሰት። ከኋላው የቤት ጣሪያ ይታያል፤ ሥሩም ተኮትኩቷል። ሰው የኮተኮተው ተክል እንዴት ዱር ይባላል?

እኔ ሐዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ልጆቹ ገጹን ይዘው ጠበቁኝ። ቤተሰቦቿ ይርጋለም አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ታዲያ እኛ ቤት የምንበላው ምንድን ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ብዕር ያስነሳኝ የእሷ ፊት ነው።

ከምደባው ልጀምር። ሙዛሴ የሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ሦስት ወገኖች (በእንግሊዝኛ «ጂነስ» የሚባሉት) አሉት። አንዱ ሙዛ ነው፤ ገበያ የምናውቀው ሙዝ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ሙዜላ ነው፤ አንድ ዝርያ ብቻ ያለው፣ የደቡብ ምዕራብ ቻይና ተክል። ሦስተኛው ኤንሴቴ ይባላል። እስቲ ቃሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የእኛው «እንሰት» ነው። በአፍሪካም በእስያም ዝርያዎች ያሉት አንድ ሙሉ ወገን የሚጠራው ከዚህ አገር በተወሰደ ስም ነው። በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ ግን የራሱን ቃል ትቶ የፈረንጅ ቅጽል ተረጎመ። ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ስሙ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን መጣ። በ1790 የጉዞውን ታሪክ ሲያሳትም የእንሰትን ሥዕልና ስም አብሮ አወጣ። ሥዕሉን አይተው «ይህማ ሙዝ ነው» ያሉ ሰዎች እንደነበሩ ጠቅሶ፣ ምክንያት የሌለው ግምት ነው ሲል ሞግቷቸዋል። ሰሚ አላገኘም። በ1791 ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ ተክሉን ሙዛ ውስጥ ከተተው። በ1859 ደግሞ የዕፅዋት ተመራማሪው ዌልዊች አንጎላ ውስጥ ያገኘውን ተክል ሙዛ ቬንትሪኮሳ አለው፤ ሆዱ የተነፋ እንደማለት ነው፤ የግንዱን ታች ላየ ሰው ትክክል ነው። ሩሲያዊው ሆራኒኖቭ በ1862 ኤንሴቴን ራሱን የቻለ ወገን አደረገው። ብዙዎች ግን ሙዛ ማለቱን ቀጠሉ። በ1947 ቺዝማን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ወገኑን መልሶ አቋቋመው፤ ከዚያ ወዲህ የእኛ እንሰት ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም ነው። ጉዳዩ ከተዘጋ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እናንተ ገና 1791 ላይ ናችሁ።

ልዩነቱን ለማየት ማይክሮስኮፕም አያስፈልግም። ሙዝ ከሥሩ ራሱ ችግኝ ያወጣል፤ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይተካል። እንሰት እንደዚያ አያደርግም። አንድ ጊዜ አብቦ፣ ፍሬ ይዞ ይደርቃል። ችግኝ የሚፈልግ ገበሬ ግንዱን ቆርጦ፣ የሥሩን እምብርት አውጥቶ መልሶ ይቀብረዋል። ከወራት በኋላ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላል። ይህን ዘዴ ያገኙት የእኛ አያቶች ናቸው፤ የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ቢበቅልም አልምቶ ሰብል ያደረገው ግን ይህ አገር ብቻ ነው። ማይክሮስኮፕ ለሚወድ ደግሞ፣ እንሰት 18 ክሮሞሶም አለው። የገበያው ሙዝ በአብዛኛው 33 ነው።

«ለምግብ የማይውል» የሚለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መልኩን አይቶ የሙዝ ፍሬ ለሚጠብቅ ሰው እንሰት አያስደስትም። ፍሬው በጠንካራ ጥቁር ዘር የተሞላ ነው። እኛ ግን ፍሬውን አንጠብቅም። ግንድ የሚመስለው ክፍል ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ቆጮ ይሆናል። ሲፋቅ ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ነው። ሲዳማ ቤት ቆጮውን ዋሳ እንለዋለን። በፍቼ ጨምበላላ ዋሳው በቅቤ ተለውሶ ቡርሳሜ ሆኖ ይቀርባል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይበላል። በአገራችን ሃያ ሚሊዮን ገደማ ሰው ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው። ቆጮ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ድፎ ዳቦውን በኮባ፣ ማለትም በእንሰት ቅጠል፣ ጠቅልሎ ይጋግራል።

ጤፍና ስንዴም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ጤፍን «ሐሰተኛ ስንዴ» ብላችሁ ታትሙ ነበር? አታትሙም። አንባቢ ይቆጣላ። እኛ የማንቆጣ ለምን መሰላችሁ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር የአገሪቱን ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች ዘርዝሩ ብሎ ፈተና አወጣ። እንሰትን ሁለተኛ ላይ ጻፍኩ። በቀይ ተሰረዘብኝ። ብጠይቀው «እሱ የጓሮ ተክል ነው» አለኝ። እናቴ ዋሳ ስትፍቅ ውላ፣ ሸጣ፣ ደብተር የገዛችልኝ ሴት ናት። ያኔ አፌን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ተማሪዬ አፏን ይዛ እንድትወጣ አልፈልግም።

ስማችንን ከማንሳት ያለፈም ጉዳይ አለ። ጽሑፋችሁ ስለ ሙዝ በሽታ ሁለት አንቀጽ አለው፤ እንሰት አንዴም አልተነሳም። የአጠውልግ በሽታን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለይተው የገለጹት እዚሁ ኢትዮጵያ፣ እንሰት ላይ ነው። በ1974 እዚሁ አገር ሙዝ ላይም መኖሩ ተመዘገበ። በ2001 ዩጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ውስጥ ታየ። ምደባ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እንሰትና ሙዝ አንድ አይደሉም፤ ቤተሰብ ግን ናቸው፤ በሽታቸውን ይጋራሉ። በእኛ ጓሮ ደግሞ ጎን ለጎን ነው የሚበቅሉት። የታመመ እንሰት የተቆረጠበት ቢላ በእሳት ሳይለበለብ ወደ ሙዙ ከሄደ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ይህን አንድ መስመር ብትጽፉት ለስንቱ ገበሬ በጠቀማችሁ።

የምጠይቀው እርማት ነው፤ በዚያው ገጽ፣ ከፎቶው ጋር። «እንሰት» በሉት፣ ምግብ መሆኑን ጻፉ። ስህተቱን ክፍል ይዘውብኝ የገቡት ልጆቹ ናቸው። እርማቱን እኔ ይዤላቸው መግባት እፈልጋለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከሐዋሳ