የመጀመሪያው አጋማሽ ነገር፦ ለደጋፊ አባላት

ሰላም ለሁላችሁ፣

ከእሁዱ ጨዋታ ወዲህ ስልኬ ጸጥ አላለም። ሁላችሁም የምታነሱት ያው የመጀመሪያውን 45 ደቂቃ ነው። እውነታችሁን ነው። ኳሱ እኛ ጋ ይውላል፣ ጎል ግን የለም።

ጥፋቱን አጥቂው ላይ ብቻ መለጠፍ አልፈልግም። ልጁ ሁለት ተከላካይ መሀል ብቻውን ቆሞ ነው የሚውለው። አማካዮቻችን ኳሱን ወደ ጎን ይቀባበላሉ፣ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ መጨረሻ ላይ በረኛው ይጠልዘዋል። የመስመር ተከላካዮቹም ከመሀል ሜዳ አያልፉም። ከእረፍት በኋላ ግን ወደ ፊት ሲወጡ ጨዋታው ወዲያው ይለወጣል። ታዲያ ጎል እስኪገባብን ለምን ይጠበቃል? በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የጨፈርን የጎንደር ልጆች ነን፤ ጥሩ ማጥቃት ስናይ እናውቀዋለን።

ቅያሪውም ይዘገያል። ውድድራችን አምስት ተጫዋች በሦስት ጊዜ መቀየር ይፈቅዳል፤ በእረፍት የሚደረገው ቅያሪ ደግሞ ከሦስቱ አይቆጠርም። ይህን ዕድል በነጻ እየጣልነው ነው።

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ሦስት ተወካዮች አሰልጣኙን በአክብሮት ያነጋግራሉ። ሐሳብ ያላችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ላኩልኝ። ስድብ ግን አላደርስም። ልጆቹን በስም እየጠራችሁ የምታንጓጥጡም እባካችሁ ተዉ፤ እናቶቻቸው አጠገባችን ነው የሚቀመጡት።

ከበሮ መቺዎች፣ ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሩ። እናንተም እንደ ቡድኑ ከእረፍት በኋላ ነው የምትሞቁት!

የእሁዱ መኪና ከአዘዞ 7 ሰዓት ላይ ይነሳል። የዘገየ በባጃጅ ይምጣ።