የካንሰር መከላከሉ ሥራ ከራሳችሁ ወጥ ቤት ይጀመር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስትሩ

ክቡር ሚኒስትር፣

“ጤናማ ምግብ ይመገቡ፣ ካንሰርን ይከላከሉ” የሚለው የመሥሪያ ቤትዎ ፖስተር ያልተለጠፈበት ጤና ተቋም የለም። ምክሩ ልክ ነው። ችግሩ፣ ሸክሙን ሁሉ በላተኛው ላይ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ፖስተሩ ከካንሰር ሕክምና ክፍሉ በር ላይ አለ። እታች ካፍቴሪያው ውስጥ ደግሞ ቋሊማ በዳቦ፣ ኬክና ለስላሳ መጠጥ ተደርድሯል። አንድ ፍሬ ብርቱካን እንኳ የለም። አስታማሚው ያገኘውን በልቶ ይመለሳል፤ ምን ያድርግ?

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቋሊማን ጨምሮ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሲጋራም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው፤ ቋሊማ የሲጋራን ያህል ይገድላል ማለት ግን አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው። ቢሆንም በየቀኑ 50 ግራም መብላት በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝን ስጋት በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የማሸጊያውን ጀርባ ገልብጠው ይዩት። በደቃቃ ፊደል “ሶዲየም ናይትራይት” ይላል። ሥጋው እንዳይበላሽና ቀለሙ እንዳይጠፋ የሚጨመር ነው፤ ሰውነት ውስጥ ካንሰር አምጪ ውህዶች እንዲፈጠሩ በር ይከፍታል። ይህን ስንት ሸማች ያውቃል?

አልኮል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። የጡት፣ የጉበት፣ የጉሮሮና የአንጀት ካንሰርን ያመጣል። ብዙ ሴቶች የጡት ካንሰርና መጠጥ እንደሚገናኙ ሰምተው አያውቁም። ጠርሙሱ ላይ ይጻፍላቸው። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ የበዛበትን የታሸገ ምግብ ፊት ለፊቱ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍበት አድርጋለች። ስለዚህ አይቻልም አይበሉን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አፍላቶክሲን ነው። በደንብ ሳይደርቅ በተከማቸ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ማንም እናት በዓይኗ አይታ አትለየውም፤ ብትቀቅለውም አይጠፋም። እዚህ ላይ “በጥንቃቄ ይመገቡ” ማለት ምንም አይፈይድም። መጋዘን የሚፈትሽ፣ ናሙና የሚመረምር፣ የተበከለውን የሚያስወግድ መንግሥት ነው።

ሌላም አለ። “ካንሰር ይከላከላል” እየተባለ የሚቸበቸበው እንክብል ሃይ ይባል። በፊንላንድ ለሚያጨሱ ወንዶች በካሮት ውስጥ የሚገኘው ቤታ ካሮቲን በእንክብል ሲሰጥ የሳንባ ካንሰር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ካሮት መብላትና ካሮቲንን በእንክብል መዋጥ ለየቅል ናቸው።

መልእክቶቻችሁን ስታዘጋጁ ደግሞ የታመመውን ሰው አስቡት። አመጋገብ ስጋትን ይቀንሳል፤ ዋስትና ግን አይሰጥም። ተጠንቅቆ በልቶ የሚታመም ብዙ ነው። ካንሰር የያዘው ሰው “ምን በልተህ ነው?” ተብሎ መጠየቅ የለበትም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በማረሚያ ቤት ስንቱ ሰው የሚበላው መንግሥት የገዛውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ፣ 25 ግራም አሰር (ፋይበር፣ ማለትም ሰውነት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) ይመክራል። አሰር ምግቡ አንጀት ውስጥ ሳይቆይ እንዲያልፍ ይረዳል፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችም የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቅ ንጥረ ነገር ይሠሩበታል። ስለዚህ በሚቀጥለው የምግብ ግዢ ጨረታ ሰነድ ላይ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና አትክልት በመጠን ተጽፈው ይግቡ፤ የተቀነባበረ ሥጋ ይውጣ። ይህም ከእርስዎ ፊርማ ይጀምር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ዜጋ