ትሪ ሉሰርንን የሚገድለው ድርቅ ሳይሆን የተኛ ውኃ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በየክረምቱ በደጋው አገር ለመኖና ለእርከን ማጠናከሪያ የሚታደለው የትሪ ሉሰርን ችግኝ ብዙ ቦታ ዓመት ሳይሞላው ይደርቃል። ሁልጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ዝናብ አጠረው» የሚል ነው። ይህ አባባል ተክሉንም ገበሬውንም ይበድላል። ትሪ ሉሰርን የአተርና የባቄላ ዘመድ የሆነ የመኖ ዛፍ ነው፤ የትውልድ አገሩ የካናሪ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ላ ፓልማ ስትሆን እዚያ ታጋሳስቴ ይሉታል። ሥሩን ወደ ጥልቁ ስለሚሰድድ አንዴ ከጠና በጋውን ለምለም ሆኖ ይዘልቃል። የማይችለው ውኃ የተኛበት መሬት ነው።

የሞተ ችግኝ ሲገኝ ነቅሎ ማየት ይገባል። የሥሩ ልጥ ቡናማ ሆኖ በሁለት ጣት ሲሳብ ሙልጭ ብሎ ከወጣ፣ ውስጡም እንደ ክር ቀጥኖ ከቀረ፣ የገደለው ውኃ ነው። አፈሩ አየር ሲያጣ ሥሩ ይታፈናል፤ በላዩ ላይ አበስባሽ ሻጋታ ይገባበታል። ክፋቱ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ የተጠማ ስለሚመስል ሌላ ውኃ ይጨመርለታል። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ግንዱ ተልጦ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የልቅ ግጦሽ ነው፤ በግና ፍየል ቅጠሉን ጨርሰው ልጡን ይግጣሉ።

ስለዚህ ውኃ ይዞ በሚያቆይ ጥቁር አፈር፣ በዋልካ ወይም በመረሬ መሬት ላይ ሜዳውን ይዞ መትከል ችግኝ ማባከን ነው። በእርከን ላይም ቢሆን ቦታው ካቡ ወይም የአፈሩ ክምር ትከሻ እንጂ ውኃ የሚጠራቀምበት ቦይ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቦዩ ውስጥ የሚተከለው «እርጥበት ያገኛል» ተብሎ ነው፤ የሚሞተውም በዚያው ምክንያት ነው።

ዘሩ ጥቁር፣ አንጸባራቂና ልጠ ደረቅ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ አብዛኛው ሳይበቅል ይቀራል። በስስ ጨርቅ ቋጥሮ በፈላ ውኃ ውስጥ 4 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ አብርዶ ማሳደር ነው። ጠዋት ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው እንደገና ይነከራል። ችግኙ ለሚፈላበት ላስቲክ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይበቃል። ከቆየ ትሪ ሉሰርን ሥር የተዛቀ አንድ እፍኝ አፈር ቢቀላቀልበት ናይትሮጅን የሚያበጁትን ባክቴሪያዎች ይዞለት ይመጣል። ዘሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ መቀበር የለበትም። በየካቲት መጨረሻ የተዘራ ለሰኔ ማለቂያ ይደርሳል። ላስቲክ ውስጥ የከረመ ችግኝ ግን ሥሩ ታች ላይ ተጠማዞ ስለሚቀር ተተክሎም ወደ ጥልቁ አይሄድም፤ ድርቅ የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ነው።

ከተተከለ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ባይቆረጥ ይመረጣል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ተኩል ሲያልፍ ከመሬት 1 ሜትር ያህል አስቀርቶ፣ ጥቂት ቅጠላም ቅርንጫፍ ትቶ፣ በስለታም መጋዝ መቁረጥ ነው። በእጅ መዘንጠል ልጡን ይገነጥላል፤ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ መላጣውን ማስቀረት ደግሞ ዛፉን ይገድለዋል። እርጥቡን ካልለመዱት ከብቶች አንዳንዶቹ ያሸቱትና ይተዉታል። አንድ ቀን አጠውልጎ፣ በገለባ መካከል በትንሹ ጀምሮ፣ የመኖውን ሲሶ እስኪሆን ማስለመድ ነው። ፕሮቲኑ አነስተኛ ለሆነው ገለባ ይህን ያህል የሚረዳ መኖ በደጋ ማግኘት ከባድ ነው። ንብ የሚያረባ ገበሬ ጥቂቱን ሳይቆርጥ ለአበባ ይተውለት።

የሚመለከታቸውን የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ችግኙ ለገበሬው ከመታደሉ በፊት፣ መሬቱ ውኃ በጠገበበት በሐምሌ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በየማሳው አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍረው ውኃ ይሙሉበት። ጠዋት ውኃው እንዳለ ካደረ እዚያ ትሪ ሉሰርን አይሰጥ፤ ቦታው ውርጭ የማይበዛበት ወይና ደጋ ከሆነ እርጥብ መሬት የሚችለው ሰስባንያ የተባለው የመኖ ዛፍ ይሰጥ።