አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ማታ ጓደኞቹን ጭኖ መንዳት የለበትም

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ነዋሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ስለ መኪና አደጋ በጻፋችሁ ቁጥር የማነበው ፍጥነት፣ መጠጥ፣ ሞባይል፣ የተሳቢ ሹፌሮች ምናምን ነው፣ ሁሉም ልክ ነው ምንም አልቃወምም፣ ግን አንድ ነገር ሁሌ እየተዘለለ ስለሚያልፍ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የጻፍኩላችሁ። ትናንት መንጃ ፈቃዱን የተቀበለ የ18 ዓመት ልጅ ዛሬ ማታ አራት ጓደኞቹን ጭኖ ወደ ሶደሬ ቢነዳ አስቁሞ "አንተ አዲስ ነህ፣ በዚህ ሰዓት ከነዚህ ሁሉ ልጆች ጋር ምን ታደርጋለህ" የሚለው ሰው አላየሁም። ሃያ ዓመት የነዳ ሰውና እሱ መንገድ ላይ እኩል ናቸው። እኔ እኩል መሆን የለባቸውም ነው የምለው፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት።

ልጁ ምን ተምሮ እንደሚወጣ እንይ እስቲ። ቴዎሪ ይማራል፣ የመንገድ ምልክት ይሸመድዳል፣ ከዛ ፊጋ፣ ፓርኪንግ፣ ዳገት ላይ አቁሞ መነሳት፣ በመጨረሻ ደግሞ ትንሽ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር። የኔ ልጅ ሲማር ሁሉንም በቀን ነው የነዳው፣ አስተማሪው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ መኪናው ላይ ለማጅ የሚል ተለጥፎ፣ ሌላው ሹፌር ሁሉ አይቶት እየራቀለት። ማታ አንዴም አልነዳም፣ ዝናብ ላይ አልነዳም፣ ከአዳማ ወጥቶም አያውቅም። አስተማሪዎቹን አልወቅስም፣ ለፈተና የሚጠየቀውን በደንብ አድርገው አስተምረውታል። ችግሩ ፈተናውን ያለፈ ቀን ለማጅ የሚለው ይነሳል፣ አስተማሪው ይወርዳል፣ ቀንም ማታም የሱ ይሆናል፣ ሁሉም በአንድ ላይ።

የኛ ከተማ መንገድ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። በወለንጪቲ በኩል ብትወጡ የጅቡቲ ተሳቢ ሌሊቱን ሙሉ አያቋርጥም፣ ረዥም መብራቱን ፊታችሁ ላይ ለቆ ነው የሚመጣው፣ ልምድ ያለው ሰው ዓይኑን ወደ ቀኝ ጠርዝ ጣል አድርጎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አዲስ ልጅ ግን መብራቱን ራሱን ያፈጥበታል ከዛ ለተወሰነ ሰከንድ ምንም አያይም። የተበላሸ መኪና መንገድ መሃል ቆሞ ምልክቱ ድንጋይና ቅጠል ነው፣ ሹፌሩ መኪናውን ጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዛው ይቀራል። አህያ አለ፣ ጋሪ አለ መብራትም አንጸባራቂም የሌለው። በሌላ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ ፈጣን መንገድ አለ፣ ለ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተሰራ፣ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ፍጥነቱ ለአዲስ ሰው አይታወቀውም፣ ፍሬን ሲይዝ ነው ምን ያህል እየበረረ እንደነበር የሚገባው። እነዚህን ሁሉ ፊጋ ላይ አይማራቸውም።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። መንግስት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዳማም ላይ ቢዋይዲው አይዲ ፎሩ በዝቷል፣ ለአየሩም ለኪስም ጥሩ ነው እሰየው ነው፣ ግን ልጁ የተማረው በአሮጌ ቪትዝ ማርሽ እየቀያየረ፣ ፍሪሲዮን እየረገጠ ቀስ እያለ ነው። አባቱ ያስረከበው መኪና ድምጽ የለውም፣ ማርሽ የለውም፣ ነዳጁን (ነዳጅ ልበለው እንጂ) ትንሽ ሲጫነው ተፈናጥሮ ነው የሚሄደው። ድሮ ቢያንስ የሞተሩ ጩኸት ፍጥነቱን ይነግረው ነበር።

እህቴ ሜልበርን አውስትራሊያ ነው የምትኖረው። የሷ ልጅ መንዳት ሲጀምር በስልክ ትነግረኝ የነበረውን መጀመሪያ ስሰማ ማጋነን መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳነብ ግን ልክ እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት። እዛ ልጅ በ16 ዓመቱ የለማጅ ፈቃድ ያገኛል፣ ከዛ 21 ካልሞላው አጠገቡ ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ 120 ሰዓት መንዳት አለበት፣ ከዛ ውስጥ 20 ሰዓቱ ማታ ነው፣ እያንዳንዷ ጉዞ ትመዘገባለች። 18 ሲሞላው ተፈትኖ ቢያልፍም ሙሉ ፈቃድ አይሰጠውም። መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ቀይ ምልክት መኪናው ላይ ለጥፎ ይነዳል፣ በዚህ ዓመት በሱ ዕድሜ ያለ ጓደኛ ከአንድ በላይ መጫን አይችልም፣ የቤተሰቡን ልጆች ካልሆነ። ከዛ ለሦስት ዓመት አረንጓዴ ምልክት። በነዚህ ዓመታት ሁሉ አልኮል የሚባል ጠብታ ቀምሶ መንዳት ክልክል ነው። እህቴ ልጇን አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታስነዳ የተጣሉትን ጭቅጭቅ ልንገራችሁ ብል ቦታ አይበቃም፣ ግን ልጁ ዝናብ ላይ ማታ የነዳው እናቱ አጠገቡ እያለች ነው።

ይሄን አሰራር በሙሉ መልኩ በሀገር ደረጃ መጀመሪያ የጀመረችው ኒውዚላንድ ናት፣ በፈረንጆቹ 1987። እዛ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሰው፣ ማለትም ለማጅነቱን ጨርሶ ሙሉ ፈቃድ ገና ያላገኘ፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት ብቻውን መንዳት አይችልም። አሜሪካም ከ1996 ጀምሮ ከፍሎሪዳ ተነስቶ ዛሬ ሁሉም ግዛቶች በየራሳቸው መልክ አላቸው። ካሊፎርኒያ ከ18 በታች የሆነን አዲስ ሹፌር ለመጀመሪያው 12 ወር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት አትንዳ፣ ከ20 ዓመት በታች የሆነ ሰውም ትልቅ ሰው አብሮህ ከሌለ አትጫን ትላለች። ኖርዝ ካሮላይና በ1997 መጨረሻ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን እንዳይነዱ ከከለከለች በኋላ የ16 ዓመት ልጆች አደጋ ተጠንቶ ነበር፣ ከህጉ በፊት ከነበረው ከ1996 ጋር ሲተያይ በ1999 የማታው አደጋ 43 ከመቶ፣ የቀኑ 20 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሰው የሞተበት አደጋ ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው የቀነሰው። ይሄ አስማት አይደለም። አጥኚዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር አዲስ ሹፌር አጠገቡ ሰው ቁጭ ብሎ ሲማር አደጋው ትንሽ ነው፣ ብቻውን በወጣባቸው የመጀመሪያ ወራት ድንገት ሽቅብ ይወጣል፣ ከዛ ልምድ ሲያገኝ እየቀነሰ ይሄዳል። ህጉ የሚያደርገው እነዛን የመጀመሪያ ወራት በቀንና ጸጥ ባለ መኪና ውስጥ እንዲያልፉ ማድረግ ነው።

ጓደኛ የሚለውን ነገር ሰዎች ቀላል አድርገው ያዩታል፣ እኔ ግን በየቀኑ ክፍል ውስጥ የማየው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድን ልጅ ለብቻው ቢሮ ጠርታችሁ ብታናግሩት ጨዋ ነው፣ ያስባል፣ ያመዛዝናል፣ "እሺ ቲቸር" ይላል ከልቡ። ያው ልጅ ከኋላ ወንበር ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ ሌላ ሰው ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ በዚያ ዕድሜ ጓደኛ ፊት ፈሪ መባል ከምንም በላይ ያማል። መሪ ሲይዝም ያው ነው፣ "ቅደመው በለው"፣ "ምን ታዘግማለህ"፣ አንዱ ሙዚቃ ይቀይራል፣ አንዷ ቲክቶክ ትቀርጻለች፣ ሹፌሩ ዞር ብሎ ይስቃል። ጥናቱም የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ታዳጊ ሹፌር የጫናቸው እኩዮቹ ቁጥር በጨመረ ልክ የሞት አደጋውም ይጨምራል፣ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሲኖር ግን እንደዛ አይሆንም። እኛም ትምህርት ቤት በዚህ መንገድ ያጣነው ተማሪ አለ፣ የአጎቱ መኪና ነበር፣ በዓል ነበር፣ አምስት ሆነው ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም ቤተሰቦቹ እዚሁ ከተማ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች የሞት ቀዳሚው ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው ሲል እኔ ቁጥሩን ሳይሆን ስም መጥሪያ ደብተሬን ነው የማስበው።

ሰው የሚመልስልኝን አውቃለሁ፣ ስለዚሁ ነገር በሻይ ሰዓት ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንደኛው "18 ሞልቶታል፣ ይመርጣል፣ አዋቂ ነው" የሚል ነው። አዋቂነቱን ማን ካደ፣ ያነሰው ልምድ ነው። ማንኛውም መስሪያ ቤት ሹፌር ሲቀጥር ማስታወቂያው ላይ ይሄን ያህል ዓመት የስራ ልምድ ብሎ ይጽፋል አይደል እንዴ? ለድርጅቱ መኪና የተሳሳነውን ለልጆቻችን ለምን አንሳሳም?

ሁለተኛው "ዕድሜውን ወደ 21 ከፍ ማድረግ ነው እንጂ" የሚል ነው፣ በዚህ አልስማማም። በ21 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ የያዘም አዲስ ነው፣ ማታ ላይ ያው መብራት ነው የሚያፈጥበት። ያ ሁሉ ወጣትም ሦስት ዓመት ከስራ ይቀመጣል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የባጃጁ ጥያቄ ነው። አዳማ ውስጥ ስንት ቤተሰብ በባጃጅ ነው የሚያድረው፣ ገና መንጃ ያወጣ ልጅ ማታ እየሰራ እናቱን የሚጦር አለ፣ እሱን ከ3 ሰዓት በኋላ ቤትህ ግባ ማለት እራቱን መከልከል ነው። ስለዚህ ለስራ የሚነዳ የተለየ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ካሊፎርኒያም እንኳን ከአሰሪው የተፈረመ ወረቀት ይዞ ለስራ የሚነዳ ልጅ ይፈቀድለታል። እኛም ጋ ማህበሩ ወይም ባለ ባጃጁ በፊርማው ሃላፊነት ይውሰድ፣ ልጁ ከተማ ውስጥ ይስራ፣ ከከተማ ወጥቶ ማታ አስፋልት ላይ ግን አይውጣ። የኔ ደብዳቤ በዋናነት ስለ ቤት መኪና ነው፣ ለመዝናናት ስለሚወጣው።

የሰውን ነገር እንዳለ ቀድተን እናምጣው ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። 120 ሰዓት የሚለው እኛ ጋ አይሰራም፣ መንጃ ከሚያወጡት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው መኪና የለም፣ መኪና ተከራይቶ ነዳጅ ሞልቶ 120 ሰዓት መንዳት የሀብታም ልጅ ብቻ ነው የሚችለው፣ ደሃው ደግሞ ወይ ይቀራል ወይ በሀሰት ያስሞላል። አሜሪካ ህጉ ባብዛኛው የሚይዘው ከ18 በታች ያሉትን ነው፣ እኛ ጋ ለአውቶሞቢል ገና በ18 ስለሚጀመር ከ18 እስከ 21 ያለውን መያዝ አለበት። ለኛ የሚሆነው ቀላሉ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ከሌለ አይንዳ፣ ከቤተሰብ ውጪ ከአንድ እኩያው በላይ አይጫን፣ መጠጥ ጭራሽ አይቅመስ፣ አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት መኪናው ላይ ይለጥፍ። ማሰልጠኛዎችም ቢያንስ የተወሰነውን ልምምድ ማታና ከከተማ ውጪ ያድርጉት፣ ክፍያው ትንሽ ቢጨምር እንኳን።

"ማን ያስከብረዋል፣ ትራፊኩ ጉቦ ተቀብሎ ያሳልፈዋል" ለሚሉኝ፣ ምልክቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ምልክት ለጥፎ አምስት ሰው የጫነ መኪና ለትራፊክ ብቻ አይደለም ለጎረቤትም ለአጎትም ይታያል፣ እዚህ ከተማ የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ደግሞ ዋናው አስከባሪ ቁልፉን የያዘው ወላጅ ነው። ዛሬ አባት ልጁን አትሂድ ሲለው "መንጃ አለኝ ምን ታደርገኛለህ" ነው መልሱ፣ ህጉ ቢኖር ግን አባትየው "እኔ አይደለሁም ህጉ ነው" ብሎ ይገላገላል። እኛ ቤት ህጉን ሳንጠብቅ ጀምረነዋል። መጀመሪያ ባለቤቴ "ልጁን አታሳፍሪው" ብሎ አልተስማማም ነበር፣ በኋላ አንድ ማታ እራሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እስከ ወለንጪቲ ካስነዳው በኋላ ከኔ በላይ አጥባቂ ሆኗል። ልጁ ያኮርፋል፣ ጓደኞቹ "ኮንትሮል አለው" እያሉ ያሾፉበታል፣ ያኩርፍ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የከተማችንን ትራንስፖርት ሃላፊዎችና የማሰልጠኛ ባለቤቶችን ይሄንኑ ጠይቃችሁ መልሳቸውን አትሙልን፦ አደጋ ሲመዘገብ ሹፌሩ መንጃ ካወጣ ስንት ወር እንደሆነው፣ ሰዓቱና አብረውት የነበሩት ሰዎች ዕድሜ አብሮ ይመዘገባል ወይ? የሚመዘገብ ከሆነ የአዳማውን ቁጥር አውጡልን፣ የማይመዘገብ ከሆነ ከክረምቱ በፊት ይጀመር፣ 12ኛ ክፍል የጨረሱት ልጆች መንጃ ለማውጣት የሚሰለፉት ያኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናትና አስተማሪ፣ ከአዳማ