ደብዳቤ ለልጄ፦ የሐረጎ መታጠፊያዎች

ይድረስ ለልጄ፤ የደሴ ብርድ እንደምታውቀው ነው፣ እኛ ደኅና ነን።

ስትደውል «ትግል» የምትለው ቃል በዝቷል። ታገል፣ አልከለክልህም። ተማሪዎች የካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ሲሰለፉ ጥያቄያቸው የተገባ ነበር፤ የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ወጣ። የሚያስፈራኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። ኢሕአፓና መኢሶን የሚባሉት ፓርቲዎች ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ የወጡ፣ ሁለቱም ሶሻሊስት፣ ሁለቱም ለአራሹ የቆሙ ነበሩ። ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እንስጥ፣ ማለትም እየነቀፍን እንደግፈው፣ ወይስ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም በሚለው ተለያዩ፤ በ1969 ተገዳደሉ። ሰውን ወደ ደም የሚወስደው የሐሳብ ርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነሱ እዚያ ባልደረሱ ነበር።

ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንደሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት፣ እንደ ሐረጎ ነው። ከኮምቦልቻ ስትወጣ አንዷ መታጠፊያ ብቻዋን አታስታውቅም፤ ሹራብ የምትፈልገው ደሴ ስትገባ ነው። መጀመሪያ ጽሑፍ ማጋራት፣ ቀጥሎ ስም ጠርቶ መሳደብ፣ ከዚያ በር የተዘጋበት ስብሰባ፣ ከዚያ ከቤተሰብ የሚደበቅ «ትንሽ ሥራ»። ፍሪድማንና ፍሬዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1966 ባሳተሙት ጥናት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰዎችን «በጥንቃቄ አሽከርክሩ» የሚል ግዙፍ፣ አስቀያሚ ሰሌዳ ግቢያችሁ እንትከል አሏቸው። በድንገት ከተጠየቁት እሺ ያሉት 17 በመቶ ነበሩ። ቀደም ብለው ስለዚሁ ጉዳይ አንዲት ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ከተጠየቁት ግን 76 በመቶ። ትንሿን ያደረገ ሰው ራሱን «ለዚህ ነገር የቆምኩ ነኝ» ብሎ ያያል፤ ትልቁን እምቢ ማለት ከራሱ ጋር ያጣላዋል። መልማዮች ጥናቱን አላነበቡትም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል።

ሌላው በዙሪያህ ያለው የወዳጅ ክበብ መጥበብ ነው። ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የመስመር ርዝመት እያስመረጠ ባደረገው ሙከራ፣ ሌሎቹ ሁሉ ተመካክረው ሲሳሳቱ ብቻውን የቀረው ሰው ከመልሱ ሲሶ ያህሉን አብሯቸው ተሳሳተ። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ሲናገር ግን ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ። ስለዚህ በሐሳብ የማይገጥምህ ወዳጅ አይጥፋብህ። የሸኽ ልጅና የቄስ ልጅ አንድ ረከቦት ከበው በሚቀመጡበት አገር ይህ አይከብድም። «ከእሱ ጋር አትታይ» የሚልህ ሲመጣ እዚያው ቁም።

ቃላቸውንም ስማ። ባለሥልጣን፣ ሕግ፣ ውሳኔ ቢነቀፍ ደግ ነው። ሰው በጅምላ አረም፣ ነቀርሳ መባል ከጀመረ ግን ቀጥሎ የሚጠይቁህ ሥራ ከብዷል ማለት ነው።

አንድ ነገር አድርግ ሲሉህ «ነገ እነግራችኋለሁ» ብለህ አሳድረው። ጠዋት ራስህን ጠይቅ፤ ብቻዬን ብሆን አደርገው ነበር? ልተወው ብል ይተዉኛል? ሁለተኛው ላይ ካመነታህ ሌሊትም ቢሆን ደውል፤ ሐረጎን ወርጄ እመጣለሁ።

እናትህ