ሲንጀሬን ሸፍኜ የማነበው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አንባቢዎች «አሁን እጃችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ ምንድን ነው?» እየተባባልን የምንጻጻፍበት ጥግ ብትከፍቱልን ብዬ ነው። ከራሴ ልጀምር። ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ደንበኛ አያስመጣም፤ እኔም ሲንጀሬን ሸፍኜ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለሦስተኛ ጊዜ ይዣለሁ። ድሮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ስሰማው የሚያስለቅሰኝ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር ነበር። አሁን ግን ልቤ ከጉዱ ካሣ አልላቀቅ አለ። በ1958 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ ውስጥ እንዲያ ደፍሮ ሲናገር! እብድ የተባለው እሱ መሆኑ እስካሁን ያበግነኛል።

የያዝኩት ቅጂ የውሰት ነው። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው፣ ጉዱ ካሣ አፉን በከፈተ ቁጥር ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ «እውነት!» እያለ ጽፏል። አንዱ ገጽ ላይ የቡና ስኒ ተቀምጦበት ክብ ምልክት ቀርቷል። ቡናውስ ይሁን፣ ጅማ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቅጠሎች የገነጠለውን ግን ይቅር አልለውም።

ጎረቤቴ ደግሞ «ኦሮማይ»ን ጀምራለች። ስንጨርስ ልንለዋወጥ ተስማምተናል፤ መጨረሻውን ቀድማ እንዳትነግረኝ ብቻ።

ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ፣ ከጅማ